ስለ ቤዝ ጊታርና ስለ ባንድ ሥራ

በግቢያችን «ባንድ እናቋቁም» የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ለዘፋኝነት የሚመዘገበው ሰው ብዛት አንድ ክፍል ይሞላል። ጊታር እመታለሁ የሚል አምስት ስድስት አይታጣም፤ ኪቦርድ የሚነካ ሁለት ሦስት ይገኛል፤ በጭኑ ላይ ከበሮ ሲደበድብ ያደገ አንድ ሰውም አይጠፋም። «ቤዝ ማን ይጫወታል?» ሲባል ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። በመጨረሻም ከጊታር ተጫዋቾቹ መካከል ጣቱ የዘገየው ወይም ጠባዩ የለዘበው ተመርጦ «በል አንተ ያዘው» ይባላል። መሣሪያው በውሰት ይመጣል፤ የማጉያው ነገር ደግሞ ከየትም ይምጣ ተብሎ ይታለፋል። ይህ አሠራር ባንዱን እንደሚያዳክም፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት እስከማሳጣት የሚደርስ አደጋ እንዳለበት ለማስረዳትና ቤዝ ተመርጠውም ሆነ ወደው ለያዙ ወንድሞቼና እኅቶቼ የሚጠቅም ነገር ለማካፈል ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ስለዚህ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን አገላለጼ ቢያስቃቸው በትዕግሥት ይለፉኝ።

ቤዝ ጊታር አራት ክር ያለው፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ድምፁ ጥልቅ የሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብለው ይቃኛሉ፤ ይኸውም የተራው ጊታር አራቱ ወፋፍራም ክሮች ቅኝት ሆኖ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው። ወፍራሙ የኢ ክር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ቁጥር አንባቢ በአእምሮው እንዲይዘው እለምናለሁ፤ ስለ ማጉያና ስለ እስፒከር የምናነሣው ጣጣ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

መሣሪያው ዕድሜው አጭር ነው። ቀድሞ በዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጠው ሰው የሚያህለው ኮንትራባስ ነበር። ኮንትራባስ ድምፁ ውብ ቢሆንም በመለከትና በከበሮ መካከል በደንብ አይሰማም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ አንገቱ ላይም ፍሬት ስለሌለው ጣት ጥቂት ከሳተች ቃናው ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1951 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የነበረው ሊዮ ፌንደር ሦስቱን ችግሮች በአንድ ጊዜ የሚያቃልል ቤዝ ለገበያ አቀረበ። እንደ ጊታር በማንገቻ የሚያዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚጎላ፣ ፍሬት የተተከለበት ስለሆነ «ፕሪሲዥን» ብሎ ሰየመው፤ ትርጕሙም ትክክለኛነት ማለት ነው። ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለት 86 ሳንቲሜትር ያህል ሆነ፤ ዛሬም አብዛኛው ቤዝ የሚሠራው በዚሁ ልክ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለዚሁ መሣሪያ የሚሆን «ቤዝማን» የተባለ ማጉያ አወጣ፤ በ1960 ደግሞ አንገቱ ቀጠን ያለና ሁለት ፒክአፕ ያለው «ጃዝ ቤዝ» ተከተለ። በገበያ የምናያቸው ርካሽ ቤዞች ብዙዎቹ የእነዚህ የሁለቱ ግልባጭ ናቸው።

አዲስና ውድ መሣሪያ ካልተገዛልኝ አልጫወትም ለሚል ወንድማችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ በ1960ዎቹ ቍጥር ስፍር የሌላቸው ሸክላዎች ላይ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን በፕሪሲዥን ቤዝ፣ በአሮጌ ክርና በቀኝ እጁ በአንዲት ጣት ብቻ እየነካ ነው አብዛኛውን የሠራው። ክሩን ካልተበጠሰበት በቀር አይቀይርም ነበር ይባላል።

በአገራችንም ቤዝ ጌቶች ነበሩት። በማሕሙድ አሕመድ የ1975 ሸክላ «ኧረ መላ መላ» ላይ ያጀበው የአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም ሮሃ ባንድ የተባለው፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። የዋሊያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ደግሞ መላከ ገብሬ የሚደጋግማትን ሐረግ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ ዜማው ከላይ ሲወጣና ሲወርድ መሬቱ ግን ከታች እንደማይነቃነቅ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ግን ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ጥሩምባውንም በአንድ ሣጥን ጠቅልሎ መጣ። የምሽት ቤቱ ባለቤት ለስድስት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰው መክፈል ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም። የሚያሳዝነው ይኸው ሐሳብ በተማሪዎች ክበብ ስብሰባ ላይ መደገሙ ነው፤ «ቤዙን በኪቦርዱ ግራ እጅ እናድርገው፤ ገንዘቡን ለልብስ እናውለው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛ ምሽት ቤት አይደለንም። ባንድ የምናቋቁመው አብሮ መጫወት ለመማር ነው፤ መኪናው ደግሞ ዘፋኟ ትንፋሽ ስታጥር አይጠብቃትም፤ ጭፈራው ሲሞቅም አብሮ አይሞቅም።

እንግዲህ ወደ መሣሪያው ምርጫ እንለፍ። ከሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ቀለሙን ሳይሆን አንገቱን ነው። የኢን ክር በግራ እጅ ጣት በመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅ ጣት ደግሞ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑትና በመካከል፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። የመታወቂያ ወረቀት ውፍረት ያህል ከሆነ አንገቱ ደኅና ነው። ፈጽሞ ክፍተት ከሌለ ወይም እርሳስ የሚያሳልፍ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል። ይህ ሁልጊዜ የሚያስጥል ነውር አይደለም፤ በአንገቱ ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ አለና በመፍቻው ወደ ቀኝ ሲጠብቅ አንገቱ ይቃናል፣ ሲላላ ይጎብጣል። ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይገባም፤ ዘንጉ ከተሰበረ አንገቱ አብቅቶለታል። በክረምትና በበጋ መካከል የእንጨቱ እርጥበት ስለሚለዋወጥ በኅዳር ላይ ያለ ምክንያት ክሩ የሚንጫረር መሣሪያ ቢያጋጥማችሁ ሻጩን ከመርገማችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ፈተና ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ነው። ክሩን በዚያ ፍሬት ላይ ሳትጫኑ በጣት ብቻ ነክታችሁ የምታገኙትና ተጭናችሁ የምታገኙት ቃና አንድ መሆን አለበት። የተጫናችሁት ከፍ ካለ በድልድዩ ላይ ያለችውን የክር ማረፊያ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ሳቧት፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት አምጧት። ይህን ሳያስተካክሉ መጫወት ማለት ባንዱ ሁሉ ተቃኝቶ ቤዙ ብቻ ከአንገቱ አጋማሽ በላይ በወጣ ቁጥር ይሳሳታል ማለት ነው፤ ሰሚውም የሚወቅሰው ዘፋኙን ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ጥቃቅን ናቸው፤ መቆጣጠሪያዎቹ ሲዞሩ ቢንጫጩ ጽዳት ይበቃቸዋል፤ መቃኛዎቹ ቢንሸራተቱ ግን ዋጋ አስቀንሱ። ባለ ባትሪ ቤዝ ከሆነ ደግሞ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ገመዱን ከመሣሪያው ንቀሉት፤ ጃኩ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ይበላልና።

ክርን በሚመለከት ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ላዩ ለስላሳ የሆነው ሲሆን ድምፁ ክብና ደብዛዛ ነው፤ የቀድሞ ሸክላዎች ድምፅ ይኸው ነው። ሁለተኛው ላዩ ሻካራ፣ ድምፁ እንደ ፒያኖ የሚያስተጋባ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሮቶሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ለዘ ሁ ባንዱ ለጆን ኤንትዊስል ከሠራለት በኋላ በዓለም ተሰራጨ። ለትዝታና ለአንቺሆዬ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለስላሳውን እመርጣለሁ፤ ከማሲንቆና ከሳክስፎን ጋር አይጣላም። ክር ውድ ነው፤ ስለዚህ የደነዘዘውን ሻካራ ክር አውልቆ በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መቀቀልና በደንብ ማድረቅ የታወቀ የድኾች ዘዴ ነው። ላቡንና ቅባቱን ስለሚያስለቅቀው ለጥቂት ሳምንት ነፍስ ይዘራል። የዶርም ጓደኞቻችሁ ግን ድስታቸውን ደግመው አያውሷችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ ማጉያው ደርሰናል። ብዙ ሰው ለጊታሩ ሁለት እጅ ገንዘብ ያወጣና ለማጉያው ትራፊ ይመድባል፤ ለቤዝ ግን ነገሩ መገልበጥ አለበት። ምክንያቱ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት 41 ነው። የሰው ጆሮ ዝቅተኛ ድምፅን በደንብ አይሰማም፤ ይህንንም በ1933 የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ፍሌቸርና መንሰን ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ቤዙ ከጊታሩ እኩል እንዲሰማ እጅግ የበለጠ ኀይል ይፈልጋል። ባለ 30 ዋት የጊታር ማጉያ አዳራሽ ሲያናውጥ ባለ 30 ዋት የቤዝ ማጉያ በከበሮው ድምፅ ይዋጣል። ከዚህም በላይ ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በእጥፍ አይጨምርም፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ኀይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ባለ 100 ዋቱን ጥሎ ባለ 150 ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እንግዲህ ያተረፈው እምብዛም ነው። በእኔ ግምት ለልምምድ ክፍል ከ50 እስከ 100 ዋት፣ ድራም ላለበት መካከለኛ አዳራሽ ከ200 እስከ 300 ዋት ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ቦታ የአዳራሹን እስፒከሮች መጠቀም ነው።

ቤዝን በጊታር ማጉያ ወይም በቤት ቴፕ ላይ ሰክቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ እስፒከሩን መግደል ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት የእስፒከሩ ወረቀት ብዙ ርቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ አለበት፤ ለዚህ ያልተሠራ ወረቀት ወይ ይቀደዳል ወይ ከመሠረቱ ይላቀቃል። በዝቅተኛ ድምፅ ለመለማመድ ግን ክፋት የለውም። የኪቦርድ ማጉያ ካለ እርሱ ይሻላል፤ ለሰፊ ድምፅ የተሠራ ነውና።

በ1969 አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ባለ 300 ዋት ማጉያ ራሱ ብቻ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ስምንት እስፒከር የያዘው ሣጥኑ ደግሞ ከ60 ኪሎ ይበልጣል። በሚኒባስ ታክሲ ይዛችሁ ለመግባት ስትሞክሩ ረዳቱ የሚላችሁን መገመት ነው። ደግነቱ ዛሬ ያንኑ ያህል ኀይል ያለው፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ በመጽሐፍ ቦርሳ የሚገባ ማጉያ ይሠራል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው ማምጣት ያለበት ይህን ትንሹን ማጉያና ባዶውን እስፒከር ብቻ ነው። ሣጥኑን አናጢ እዚሁ ከጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሠራዋል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን መልካም ነው። የሣጥኑ ይዘት ግን እንደ ፈቃድ አይወሰንም፤ የእስፒከሩ ፋብሪካ የሚሰጠውን መጠን ተከትሎ መሥራት ነው። ያለ ልክ የተሠራ ሣጥን አንዱን ቃና አጉልቶ ሌላውን ይውጣል።

ስለ ኦም ጥቂት መናገር ግድ ነው። ከማጉያው ጀርባ «ከ4 ኦም በታች አይሁን» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። አንድ ባለ 8 ኦም ሣጥን ብትሰኩ ደኅና ነው፤ ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ብትሰኩ 4 ይሆናሉ፣ ይህም ደኅና ነው፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ብትሰኩ ግን 2 ይሆንና ማጉያው ይግላል፣ ይቃጠላልም። ቁጥሩ ሲያንስ ሸክሙ የሚከብድ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከማጉያው ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ገመድም የጊታር ገመድ መሆን የለበትም። ጫፋቸው አንድ ቢመስልም የጊታሩ ገመድ በውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ብዙ ኀይል ሲያልፍበት ይግላል።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር ኤሌክትሪኩ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120 ነው። ዘመድ ያመጣውን ማጉያ በደስታ እንዳለ መሰካት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ ጭስ መለወጥ ነው። መጀመሪያ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በየትም አገር ይሠራል፤ መቀየሪያ ካለው ወደ 230 አዙሩት፤ 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩም ማጉያው ከሚስበው ዋት በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። በጨዋታ መካከል መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ማጉያውን አጥፉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኀይል አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ነውና። ትርፍ ፊውዝም በቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ ልኩ ከጀርባው ተጽፎአል፤ በፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ወረቀት ወይም ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ካያችሁ ከመድረኩ አባርሩት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ዘፋኞችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የጊታርና የቤዝ ክሮች በገመዱ በኩል ከማጉያው አካል ጋር፣ ማጉያውም በሦስተኛው የሶኬት እግር በኩል ከመሬት ጋር የተገናኙ ናቸው። ይህ ሦስተኛ እግር ከተቈረጠ ወይም የግድግዳው ሶኬት የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ በማጉያው ውስጥ አንድ ብልሽት ቢደርስ 220ው በሙሉ በክሩ ላይ ሊመጣ ይችላል። ተጫዋቹ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን በነካ ጊዜ በእርሱ አካል ውስጥ ያልፋል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በ1972 በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የመሬት ሽቦው በትክክል ያልተያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞተ። ከያርድበርድስ ባንድ ኪት ሬልፍም በ1976 በገዛ ቤቱ ጊታር ይዞ ሳለ በኤሌክትሪክ ሞተ።

ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አዳራሽ ባለፈው ዓመት ስንጫወት የማከፋፈያው ሦስተኛ ቀዳዳ በፕላስተር ተሸፍኖ አገኘነው። ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ «ድምፁ ያቃስት ስለ ነበር ነው» አሉን። እውነት ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ከመሬት ጋር ሲገናኙ «ኡ...» የሚል ማቃሰት ይመጣል፤ የመሬቱ ሽቦ ሲቈረጥም ይጠፋል። ነገር ግን ሌላ መድኃኒት አለው። የመድረኩን መሣሪያ ሁሉ ከአንድ ሶኬት ማከፋፈል አንዱ ነው፤ የባንድ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከምድጃ ያነሰ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ደኅና ሶኬት ይችለዋል። ሁለተኛው ዲ አይ ቦክስ የሚባለውን ትንሽ ሣጥን መጠቀም ነው፤ በላዩ ላይ የመሬቱን ግንኙነት በድምፅ መስመሩ ላይ ብቻ የምታቋርጥ ቁልፍ አለችውና ሕይወትን ሳትነካ ማቃሰቱን ታጠፋለች። ከመጫወት በፊት ደግሞ በኤሌክትሪከኞች ቴስተር ማይክሮፎኑንና ክሩን መንካት ነው፤ አምፖሏ ከበራች ማንም ሰው ወደ መድረክ አይውጣ። አቅም ያለው ክበብ በ30 ሚሊአምፔር መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ ቢገዛ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ይህ ዲ አይ ቦክስ ሌላም ጥቅም አለው። ቤዝን በቀጥታ በረጅም ገመድ ወደ ሚክሰር መሰካት ድምፁን ያደበዝዘዋል፤ ሣጥኗ ግን ድምፁን ሳታጎድል ሩቅ እንዲሄድ ታደርገዋለች። ማጉያ መግዛት ያልቻለ ባንድ ይህችን ገዝቶ በአዳራሹ እስፒከር ቢጫወት ከመጥፎ ማጉያ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ማጉያውን የት እናስቀምጠው? የኢ ቃና አንድ ማዕበል ስምንት ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ስለዚህ በሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ አንዳንዱ ቃና ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ሲያጉረመርም ሌላው ይጠፋል። ማጉያውን በጥግ ላይ ማስቀመጥ ቤዙን ያበረታዋል፤ ኀይል ላነሰው ማጉያ ጥሩ ነው፣ ለሚያስተጋባ አዳራሽ ግን መርዝ ነው። ከግድግዳው አንድ ሁለት እርምጃ ማራቅና ዝቅተኛውን መቆጣጠሪያ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይፈውሳል። ቤዝ ተጫዋቹ በቆመበት ቦታ የሚሰማውና ሕዝቡ የሚሰማው አንድ ስላልሆነ በልምምድ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲነካለት አድርጎ እስከ ኋላው ወንበር ሄዶ ያዳምጥ።

ስለ አጨዋወቱ ብዙ ማለት የሚገባው ከእኔ የበለጠ ዐዋቂ ነው፤ ለባንዱ ሰላም የሚጠቅመውን ያህል ብቻ ልበል። የቤዝ ባለሟል በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ነው። ቤዝና ድራም ለብቻቸው፣ ያለ ዘፋኝና ያለ ጊታር፣ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር መጫወት ካልቻሉ ባንዱ ገና አልተለማመደም። በተለይ በስድስት ስምንተኛው በጭክጭካ ምት ላይ ሁለቱ ካልተስማሙ እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻውን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ጠብ ከኪቦርድ ግራ እጅ ጋር ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ኪቦርድ ተጫዋቹ በክብር ተለምኖ ግራ እጁን ከፍ ያድርግ።

ሦስተኛው ቅኝት ነው። ከውጭ አገር ትምህርት መጽሐፍ ቤዝ የተማረ ሰው መነሻውን ቃናና አምስተኛውን እያፈራረቀ ይለማመዳል። በትዝታ ይህ ያዋጣል፤ ከሲ ብንነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነውና ጂ በቦታው አለ። አምባሰል ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ስለሆነ ሦስተኛ የሚባለው ቃና ፈጽሞ የለውም፤ በልማድ ኢን የነካ ቤዝ ተጫዋች ቅኝቱን ያፈርሰዋል። አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ አምስተኛው ቃና ጂ ራሱ የለም። መጽሐፉ «አምስተኛውን ጨምር» ቢልም ዘፋኟ ስትዞር የምታይህ በቍጣ ነው። ዝም ብሎ መነሻውን መደጋገም አያሳፍርም፤ የበገና ድርዳሪ በጥቂት ቃና እየተመላለሰ ሰውን እንደሚያስለቅስ ሁላችን እናውቃለን።

ስለ ጆሮም ሳልጠቅስ አላልፍም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እንደሚመክረው 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው የመጨረሻ ልክ ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በጠባብ የልምምድ ክፍል ከድራም አጠገብ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው ይህን ልክ በቀላሉ ያልፈዋል። ከልምምድ በኋላ ጆሮ «ጭው» የሚል ከሆነ ጆሮው መጎዳቱን እየተናገረ ነው። የጆሮ መክደኛ ዋጋው ጥቂት ነው። በልምምድ ጊዜም ድምፁን የሚወስነው ማጉያ የሌለው መሣሪያ፣ ማለት ድራሙ፣ ይሁን፤ ሌሎቻችን ከእርሱ በላይ አንሂድ።

በመጨረሻ የንብረት ነገር ነው። ብዙ የተማሪ ባንድ የሚፈርሰው በሙዚቃ ጠብ ሳይሆን ማጉያውን የገዛው ሰው በመመረቁ ነው። የእኔ ሐሳብ ቤዙና ጊታሩ የየግለሰቡ ሆኖ ማጉያው፣ ሣጥኑ፣ ዲ አይ ቦክሱና ማከፋፈያው የክበቡ ንብረት ይሁን የሚል ነው። ለዚህም አንድ ደብተር ይከፈት፤ ዕቃው በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደ ወጣና እንደ ተመለሰ፣ ምን እንደ ተሰበረ ይጻፍበት። ለዝግጅት ከሚገኘው ገንዘብ ላይም ከመከፋፈሉ በፊት ለጥገና የሚሆን ይቀመጥ፤ መጠኑን ጉባኤው ይወስን። የመጓጓዣውን ከፋይ አስቀድሞ መወሰንም ያስፈልጋል፤ ባለፈው ሰኔ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በዝናብ ውስጥ ሣጥኑን በመካከላችን አቁመን የተከራከርነው በዚሁ ጕዳይ ነበር። አዲስ የሚገዛ ዕቃ ካለም በመጀመሪያ ባለ ሦስት እግር ማከፋፈያው፣ ቴስተሩና ሁለት ትርፍ ገመድ ይገዙ፤ ከዚያ ስለ ማጉያው እንነጋገራለን።